15,000 ብር እና አንድ ውሸት

ላፕቶፔ ውስጥ «ጉዞ» የሚል የኤክሴል ፋይል አለ። የመጀመሪያውን ሺት የሠራሁት ጥር 2010 ነው። ያኔ ኮምቦልቻ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበርኩ። ቴዲ አፍሮ ባሕር ዳር ስታዲየም ሊዘፍን ነው ተባለ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት «ኢትዮጵያ» የሚለው አልበሙ ከሱቅ እስከ ባጃጅ ሲጮህ ከርሞ፣ የምረቃ ዝግጅቱን ፖሊስ አስቁሞት፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ኮንሰርቱም ሳይፈቀድ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ የባሕር ዳሩ ሲሰማ ዶርም ውስጥ ስለ ፈተና የሚያወራ ጠፋ። እኔም ቁጭ ብዬ በወልዲያ፣ በጋሸና፣ በደብረ ታቦር የሚያስኬደውን መንገድ ደመርኩ። ድምሩ ኪሴ ውስጥ ካለው ሦስት እጥፍ ሆነ። አልሄድኩም። ኮንሰርቱን ያየሁት ሰው በስልኩ በቀዳው፣ ከዘፈኑ ይልቅ የቀጂው ጩኸት በሚሰማበት ቪዲዮ ነው።

አሁን ፋይሉ ሁለተኛ ሺት አለው። ተመርቄ፣ ሶፍትዌር እየሠራሁ፣ ሐርቡ ከቤተሰብ ጋር እኖራለሁ። መብራትና ኔትወርክ ሲፈቅዱ እሠራለሁ ብል ይሻላል። ቴዲ አዲስ አበባ ሊዘፍን ነው የሚል ወሬ ሰማን። ቀን የለውም፣ ቦታም የለውም፣ ወሬ ነው። የቴዲን ኮንሰርት የሚጠብቅ ሰው ግን በወሬ ማቀድ ለምዷል።

ለእኔና ለታናሽ እህቴ ያወጣሁት ግምት ይኸውና፦ ባስ ደርሶ መልስ 4,800፣ መግቢያ 4,000፣ አክስታችን ቤት ስለምናድር ለእሷ ቡናና ስኳር 1,500፣ ምግብና ራይድ 2,700፣ «ያልታሰበ» 2,000። ድምር 15,000 ብር። ከሥር «መንገዱ ሰላም ነው?» የሚል ረድፍ አለ። ከከሚሴ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን ይመለከታል፤ የሚሞላው በዋዜማው ሹፌር ተጠይቆ ነው።

እንግዲህ ይህን ሺት ከፍቼ ሳለሁ ነው የቅሬው ዳኛ በራችንን ያንኳኩት። (ወሎ ላልሆናችሁ፦ ቅሬ ማለት እናንተ ዕድር የምትሉት ነው።) የጎረቤታችን ልጅ እግሩን ደሴ ሊታከም ነው፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል፣ ከመደበኛው መዋጮ ውጪ የአቅማችሁን አሉ። እኔም ዓይኔን ሳላሽ «ጋሼ፣ ወሩ አጋማሽ ላይ ነው፣ እጄ ላይ የለም» ብዬ 200 ብር ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ። የምርቃቱ ነገር ነው የከፋው።

እህቴ ከጓዳ ሰምታኛለች። «ለምን አልጨመርክም» ትለኛለች ብዬ መልስ እያዘጋጀሁ ነበር። ያለችው ሌላ ነው፦ «ለምን ዋሸህ?»

የዛን ለሊት እንቅልፍ ስለራቀኝ ፒተር ሲንገር የተባለው ፈላስፋ በ1972 በፈረንጆቹ የጻፈውን፣ በአንድ ወቅት አንብቤ ያሸነፍኩት የመሰለኝን ክርክር አስታወስኩ። ሲንገር የጻፈው በምሥራቅ ቤንጋል፣ በዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ ሰው በረሃብ ሲያልቅ ነው። ሐሳቡ ሲያጥር እንዲህ ነው፦ በመንገድህ ላይ ኩሬ ውስጥ የሚሰምጥ ሕፃን ብታይ ልብሴ ይበላሻል ብለህ አታልፍም፤ ታዲያ ሩቅ አገር ያለውን ሕፃን ለማያስፈልግህ ነገር በምታወጣው ብር ማዳን ከቻልክ፣ ርቀቱ ምን ለውጥ ያመጣል? ብዙ ሰው «ሩቅ እኮ ነው»፣ «ገንዘቡ ይድረስ አይድረስ አላውቅም» እያለ ያመልጠዋል። እኔ ግን በየት በኩል ላምልጥ? የእኔ ኩሬ ከአጥራችን ማዶ ነው። ልጁን ኳስ ሲጫወት አውቀዋለሁ።

በሌላ በኩል ሲንገርን እስከ መጨረሻው ከተከተልኩት ሐርቡ ውስጥ ማንም፣ መቼም፣ ኮንሰርት አያይም። እዚህ ችግር ወረፋ ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱ ልጅ ሲድን የሌላው ጣራ ይፈርሳል። በ2014 ጦርነቱ በዚህ መንገድ ሲያልፍ የጎደለው ነገር ራሱ ገና በሁሉም ቤት ሞልቶ አላለቀም። «ችግሩ ሲያልቅ እንዝናናለን» ማለት «አንዝናናም» ማለት ነው፣ በጨዋ አማርኛ።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። እኚሁ ጎረቤታችን ባለፈው ዓመት ሴት ልጃቸውን ሲድሩ ለድንኳን፣ ለሥጋ፣ ለቪዲዮ ያወጡት ከእኔ 15,000 ብዙ እጥፍ ነው፤ ማንም ክፉ አልተናገረም። ሰርግ፣ ኢድ፣ መውሊድ፣ እነዚህ ፈቃድ ያላቸው ደስታዎች ናቸው። እዚያ የሚወጣው ብር ብክነት የማይባለው ሁሉም ስለሚበላው ነው። የእኔን ጉዞ የሚያስጠረጥረው ውድነቱ ሳይሆን ሰፈሩ የማይቀምሰው ደስታ መሆኑ ነው።

ስለ ወሎና ስለ ኮንሰርት ከተነሳ ደግሞ የማይዘለል ነገር አለ። ጥቅምት 1977 ቢቢሲ ከኮረም የላከው ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ውስጥ 72,000 ያህል ሰው፣ አሜሪካ ፊላደልፊያ ደግሞ ሌላ ስታዲየም ሙሉ ሰው ለ«ላይቭ ኤይድ» ተሰበሰበ። በዓለም ላይ እስካሁን በስፋቱ ከሚጠቀሱት ኮንሰርቶች አንዱ የተዘጋጀው ለእኛ እናትና አባቶች ነው ማለት ነው። ያን ቀን ትኬት የገዛ ሰው የእኔ ዓይነት እንቅልፍ ማጣት አልነበረበትም፤ ትኬቱ ራሱ ምጽዋት ነበር። እየጨፈረ ይሰጣል። እኔ በዚህ አልቀልድም፤ ብሩ እህል ገዝቷል።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ያኔ በዓለም ቴሌቪዥን ባቲ ማለት የረሃብተኛ መጠለያ ነበር። ለሙዚቀኛ ግን ባቲ ቅኝት ነው። አምባሰልም እንደዚያው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸውን ከእኛ አገር ነው ያገኙት፤ ያን ቀን ግን በሁለቱም መድረኮች ላይ ከተራበው አገር የመጣ አንድም ዘፋኝ አልወጣም። የተራበ ሰው ሆድ ብቻ ተደርጎ ታሰበ፤ ዘፈን የሚሰጠውም የሚሰማውም ሌላ ሰው ሆነ። እኔም ሌሊቱን ሙሉ ጎረቤታችንን ያየኋቸው እንደዚሁ ነበር፦ የሚያስፈልጋቸው ብር ብቻ የሆነ፣ ስለ ቴዲ ቢሰሙ የሚቀየሙኝ ሴት። ጠይቄያቸው ግን አላውቅም።

ወደ ውሸቱ ልመለስ፤ የእህቴ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ካንት በ1795 በፈረንጆቹ ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው ድርሰት ውስጥ አንድ መፈተኛ አለ፦ የሌላውን ሰው መብት የሚነካ ድርጊትህ፣ ምክንያቱን በአደባባይ ብትናገረው የሚፈርስ ከሆነ፣ ፍትሐዊ አይደለም። እሱ ስለ መንግሥታት ነው የጻፈው፤ እኔ ለኤክሴል ተዋስኩት። ሺቱን ለጎረቤታችን ማሳየት እችላለሁ? ካልቻልኩ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ግን ካንት ሐርቡ አልኖረም። እዚህ ሰው ነገር የሚደብቀው ጥፋት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታም አለ። ቃሉ ራሱ «እንዲህ ይሉኛል» ከማለት ነው የመጣው። አዲስ ጫማ ገዝቶ አቧራ እስኪለብስ የማያደርግ ሰው አውቃለሁ። ይሉኝታ ኅሊናን ይመስላል፣ ድምፁም ያው ነው፣ የሚፈራው ግን የሰው አፍ ነው። ስለዚህ መደበቄ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ይሉኝታም ሊሆን ይችላል፣ ኅሊናም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ከመናገር ውጪ ዘዴ አላገኘሁም። ከተናገርኩ በኋላ የሚቀረው ነገር ካለ እሱ የኅሊና ነው ብዬ ወሰንኩ። ኢንጂነር ነኝ፣ ያለ ቴስት አላምንም።

ቅዳሜ ከሰዓት እነሱ ቤት ቡና ተጠራን። አቦሉን ጠጥተን ስናበቃ ነገርኳቸው፤ ቴዲንም፣ 15,000ውንም፣ እጄ ላይ የለም ያልኩትንም። እህቴ ስኒዋን እያየች ነበር።

ሴትየዋ መጀመሪያ ሳቁ። «እኔስ ብትል? ልጅ ሆኜ ላሊበላ ኪነትን ለማየት አባቴን ሳላስፈቅድ ደሴ ሄጃለሁ። በጭነት መኪና! ስመለስ ሁለት ቀን አክስቴ ቤት ተደበቅኩ» አሉ። ምን እንደለበሱ፣ ማን እንደዘፈነ፣ ከፊታቸው የቆመው ረጅም ሰውዬ እንዴት እንደጋረዳቸው ሳይቀር ነገሩን። እኔም በዚያው ሞቅታ እንግሊዝ አገር በ77ቱ ክፉ ቀን ለእናንተ ተብሎ በስታዲየም ተዘፍኖ ነበር አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ምን ብለው ዘፈኑ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቶናውን ሲቀዱ ፊታቸው ተለወጠ።

«ቆይ፣ ያን ቀን እጄ ላይ የለም ያልከው ይሄን ይዘህ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

ዝም አሉ። ጀበናውን አስቀመጡ። «ሂድ። እሷንም ይዘሃት ሂድ፤ ልጅነት አይመለስም። ግን ሁለት መቶ ብር ነውር ነው። በተለይ አንተ፣ ከልጄ ጋር ያደግክ።»

ይኸው ነው የቀረው ነገር። ስለ ዘፈኑ አልተቀየሙም። ስለ 15,000ውም አልተቀየሙም። ያስከፋቸው ለቴዲ የደመርኩትን ያህል ተቀምጬ ለልጃቸው አለመደመሬ ነው፤ ለእሱ ሺት አልነበረውም፣ ከኪሴ የወጣው የመጀመሪያው ኖት ነበር።

ማታ ፋይሉን ከፈትኩ። ከባሱ በላይ፣ አንደኛ ረድፍ ላይ፣ «ደሴ፣ ሕክምና» ብዬ 5,000 ጻፍኩ። «ያልታሰበ» የሚለውን ሰረዝኩት። ምግብና ራይዱን ወደ 1,700 አወረድኩት፤ እህቴ ዳቦ በሻይ ትበላለህ ብላ ፈርዳብኛለች። አሁን ድምሩ 17,000 ነው፤ የጎደለውን 2,000 ከየት እንደማመጣ አላውቅም። የኮንሰርቱ ቀን አሁንም አልተቆረጠም። «መንገዱ ሰላም ነው?» የሚለው ሴልም ባዶ ነው።