ለእንጨቱ አድላ

ስማኝ ልጄ፣ ቶርኖ ገዝተህ ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ወርክሾፕ አደረግካት ሲሉኝ ደስ አለኝ። እናትህ «ማሽኑ ጣቱን እንዳይበላው ምከርልኝ» ብላ ልካብኛለች። እሱንም እመክርሃለሁ፤ የሚቀድም ግን አለ። ማሽን ሲባል ጥድፊያ ነው፤ እንጨት ደግሞ ማንም አያጣድፈውም። ሁለቱ በተጣሉ ቁጥር ዳኛው አንተ ነህና ሳታፍር ለእንጨቱ አድላ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከእንጨቱ ልነሳ። ዋንዛ ያምርህ ይሆናል። አልፈርድብህም፤ ለመሮ የሚታዘዝ፣ ከበሮ የሚወጣበት እንጨት ነው። ነገር ግን ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ከደን እንዳይቆረጡ ገና በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ተከልክሏል። ከየት እንዳመጣው አጥርቶ የማይነግርህን ሻጭ ሰላም ብለህ እለፈው። የከተማ ሰው ሲሳይ ያለው የጎረቤት አጥር ላይ ነው። ግራቪሊያ ወይም ጃካራንዳ የሚያስቆርጥ ሰው ካለ፣ ለማገዶ ሳይፈልጡት ድረስ። ባሕር ዛፍ እንደ ልብ ይገኛል፤ ሲደርቅ ግን ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለጀማሪ አልመርጠውም። ወይራ ውበቱ ሌላ ነው፤ ጠጣር ስለሆነ ግን መሮ ያደነዝዛል። እጅህ እስኪጠና ይቆይህ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። አብዛኛው ጀማሪ የሚሸነፈው በማሽኑ ሳይሆን በእንጨቱ ውስጥ ባለው ውሃ ነው። እንጨት ሲደርቅ ቁመቱ ይህን ያህል አይለወጥም። ጎኑ ግን ይጠባል፤ በቀለበቶቹ ዙሪያ የሚጠበውም ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚጠበው እጥፍ ያህል ነው። ግንድ ከልቡ ተነስቶ እስከ ቅርፊቱ የሚተረተረው ለዚህ ነው። ዛሬ ክብ አድርገህ የጨረስከው እርጥብ ሳህን ከርሞ ሞላላ ሆኖ የሚጠብቅህም ለዚሁ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ የእንጨትን ሆድ ደግሞ ድርቀት ያወጣዋል።

ስለዚህ ግንዱን ልቡ ላይ ለሁለት ክፈለውና ልቡን ቆርጠህ ለምድጃ ስጠው። ከቀረው ዕቃህን አውጣ፤ ግን አትጨርሰው። አፉ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የግድግዳውን ውፍረት 3 ሴንቲ ሜትር አድርገህ ተወው፤ አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ግንዱ አግድም የተቆረጠበትን ጎን ሰም ቀባው፤ ውሃው ተጣድፎ የሚወጣው በዚያ በኩል ነውና። ሰም ደግሞ በዚህ አገር ብርቅ አይደለም። ከዚያ ከራሱ ሰጋቱራ ጋር የወረቀት ከረጢት ውስጥ ክተተውና ፀሐይና ነፋስ የማያገኘው ጥግ አስቀምጠው፤ የበጋው ደረቅ አየር ጠላቱ ነው። ቂጡ ላይ ቀኑንና ክብደቱን በእርሳስ ጻፍ። አልፎ አልፎ መዝነው፤ መቅለሉን ሲያቆም ያን ጊዜ ደርቋል፣ ተመልሰህ ቅርጹን አስተካክል። ወራት ይፈጃል። ምድጃ አጠገብ ላድርቀው ብሎ የሚሞክር አይጠፋም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ያ ሰው ቶሎ ያገኘው ነገር ቢኖር ስንጥቅ ነው። አንተ እስከዚያ ሌላውን ጀምር።

እንጨቱን ማሽኑ ላይ ስታስር ደግሞ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለአንተ ይመስላል። ብሎኑን አጥብቀህ፣ ከቀኝ በኩል ያለውን መደገፊያ አስጠግተህ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ እንጨቱን በእጅህ አንድ ዙር አዙረው። የትም የማይነካ መሆኑን እይ። ስንጥቅ ፈልግ፤ ሚስማርም ፈልግ። አጥር ሆኖ የኖረ ዛፍ ሚስማርና ሽቦ ውጦ ነው የሚያረጀው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ፍጥነቱን በሒሳብ ላሳይህ። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው እንጨት በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። በዚያው ዙር 10 ሴንቲ ሜትር የሆነው 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንጨቱ በሰፋ ቁጥር ዙሩን ቀንስ፤ ገና ያልተስተካከለ ግንድ ደግሞ ሁልጊዜ ከዝቅተኛው ይጀምር። ስታስነሳው ፊት ለፊቱ አትቁም። መብራት ከሄደ ከምንም በፊት ማጥፊያውን ንካ። ረስተኸው እንጨቱን ስትዳብስ መብራቱ ቢመጣ ማሽኑ አያስጠነቅቅህም።

የእናትህ አደራ እዚህ ላይ ነው። ጓንት አታድርግ፤ ጓንት ጣት አያድንም፣ እጅን ይዞ ይገባል እንጂ። ጋቢና ነጠላ በር ላይ ይቅሩ፣ እጅጌ ይጠቅለል፣ ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ። የፊት መከለያውን ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት አጥልቅ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። ብናኙንም አትናቀው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ሰነድ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጋር መድቦታል። ሻርፕ አይበቃም፤ ለአቧራ የተሠራ ማስክ ግዛ።

ስለ መሮ ብዙ አልልህም፣ እጅህ ከእኔ ምላስ የተሻለ ያስተምርሃል። መሮውን መጀመሪያ ማሳረፊያው ላይ አስቀምጥ፣ ቀጥሎ ከስለቱ በታች ያለውን ተዳፋት እንጨቱ ላይ አስደግፍ፣ ከዚያ ስለቱ እስኪይዝ ድረስ እጀታውን ቀስ ብለህ አንሳ። ውጪውን ከቂጡ ወደ አፉ፣ ውስጡን ከአፉ ወደ ታች ሂድ። የተሳለ መሮ ረጅም ፍቅፋቂ ይወረውራል። ዱቄት ማውጣት ከጀመረ አትግፋው፣ ሳለው። ግድግዳው ስስ ሆኖ ጓደኞችህ ሲያደንቁ ደግሞ ትንሽ ላሳሳው ማለት ይመጣል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች። እዚያ ላይ አቁም። የጅማው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ በእጅ ተጠርቦ ይወጣል፤ ያስከበረው ሰው ሲቀመጥበት አለመሰበሩ ነው፣ ስስነቱ አይደለም።

ለምግብ የሚሆነውን ዕቃ ንጹሕ የተልባ ዘይት ቀባው። ቀለም ቤት «የተቀቀለ» ተብሎ የሚሸጠው ማድረቂያ ኬሚካል ስለሚገባበት ለምግብ ዕቃ አልመርጠውም። የተልባ ዘይት ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል፤ እዚህም ቸኩለህ ወጥ አትጨምርበት። የቀባህበትን ጨርቅ ግን ጨምድደህ ጥግ እንዳትጥል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨመደደ ጨርቅ ሙቀቱን አምቆ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ሊነድ ይችላል፣ ያውም በሰጋቱራ በተሞላ ቤት። ሳይቃጠል በቅጠል። ጨርቁን ደጅ አጥሩ ላይ ዘርግተህ አድርቀው፣ ጊዜ ከሌለህ ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከረው። የቀረውን ዘይት ክዳኑን አጥብቀህ ጨለማ ቦታ አስቀምጥ፤ መደርደሪያው ላይ እየደረቀ ላለው ይሆንሃል።