ማጣመርና ማመን

በሊነክስ ኮምፒውተር ላይ የብሉቱዝ መሣሪያን ከትእዛዝ መስመር፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት ለማገናኘት የሚነሣ ሰው፣ ብሉቱዝሲቲኤል በተባለው ፕሮግራም ውስጥ «ፔር» (ማጣመር)፣ «ትረስት» (ማመን) እና «ኮኔክት» (ማገናኘት) የሚሉ ሦስት ትእዛዞችን ያገኛል። በስልክ ላይ እነዚህ ብዙውን ጊዜ በአንድ ንክኪ ስለሚያልፉ ልዩነታቸው አይታይም፤ የትእዛዝ መስመር ግን እያንዳንዱን ለየብቻ ስለሚጠይቅ፣ እምነት ከዕውቀት የሚወለድ ነው ወይስ ራሱን የቻለ የፈቃድ ሥራ ነው የሚለውን የፈላስፎች የቆየ ክርክር በግልጽ ያነሣል።

ማጣመር የዕውቀት ወገን ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች የጋራ ምስጢራዊ ቁልፍ ፈጥረው ያስቀምጣሉ፤ በሌላ ጊዜም በዚያው ይተዋወቃሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣው የብሉቱዝ 2.1 ደንብ መሠረት፣ ሁለቱም ማያ ገጽ ካላቸው ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ያሳያሉ፤ ቁጥሮቹ አንድ መሆናቸውንም ሰው አይቶ ያረጋግጣል። መካከላቸው ገብቶ ሁለቱንም የሚያታልል ሌላ ወገን አለመኖሩን መሣሪያዎቹ በሬዲዮ ሞገዱ ብቻ ሊያውቁ ስለማይችሉ፣ ከሞገዱ ውጭ የሚያይ ዐይን ያስፈልጋቸዋል፤ ሰውየውም በሁለት በማይተዋወቁ ተዋዋዮች መካከል እንደሚቆም ዋስ ይሆናል። ማያ ገጽ የሌለው ኤችሲ-05 የተባለው ርካሽ ሞጁል ግን አብዛኛውን ጊዜ 1234 በሚል የይለፍ ቁጥር ይጣመራል፤ ሁሉም የሚያውቀው ምስጢር ደግሞ ማንንም ከማንም አይለይም።

«ትረስት» ምንም አያረጋግጥም። በሞገድ የሚላክ ነገር ሳይኖር፣ ይህ መሣሪያ አገልግሎት ፈልጎ ሲመጣ ሳይጠየቅ ይግባ የሚል ምልክት በኮምፒውተሩ መዝገብ ላይ ብቻ ያኖራል። ያልተጣመረ መሣሪያ ሊታመን፣ የተጣመረውም ሳይታመን ሊቀር ይችላል። እምነት የዕውቀት ከፍተኛ ደረጃ ነው የሚል ሰው ይህን መለያየት ማስረዳት ይኖርበታል። ቃሉ የመሐንዲሶች ስያሜ እንጂ ማሽን አያምንም የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የሚያምነው ትእዛዙን የጻፈው ሰው ነውና፣ የእምነቱ ኃላፊነትም በእርሱ ላይ ይወድቃል።

ተከታታይ ግንኙነት፣ ማለትም መረጃ ቢት በቢት እየተከታተለ የሚተላለፍበት መንገድ ሲጨመር ጉዳዩ ይጠልቃል። አርኤፍኮም የተባለው የብሉቱዝ ደንብ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀውን የአርኤስ-232 ገመድ በአየር ላይ ያስመስላል። «አርኤፍኮም ባይንድ» የሚለው ትእዛዝ የመሣሪያው አድራሻና ከ1 እስከ 30 ካሉት የመስመር ቁጥሮች አንዱ ሲሰጠው፣ አርኤፍኮም0 የሚባል ፋይል ይፈጥራል፤ ፋይሉ ሲፈጠር ግን የሬዲዮ ግንኙነቱ ገና የለም። ግንኙነቱ የሚሞከረው እንደ ሚኒኮም ያለ ፕሮግራም ፋይሉን ሲከፍት ነው፤ ሌላው መሣሪያ ርቆ ከሆነም መክፈቱ ይከሽፋል። ለገመድ የተጻፈው ፕሮግራም ከፋይሉ ጀርባ ገመድ ይኑር ሞገድ አይጠይቅም። ይህን አለመጠየቅ እምነት ማለት ግን ስሕተት ነው፤ መጠራጠር የማይችል ነገር ማመንም አይችልምና። «ትረስት» ብሎ የጻፈው ሰው ግን እንቢ ማለት ይችል ነበር፤ ዛሬም «አንትረስት» ብሎ ቢጽፍ እምነቱ ይነሣል፣ የተጣመሩበት ቁልፍ ግን «ሪሙቭ» እስካልተባለ ድረስ በመዝገቡ ውስጥ ይቆያል።