ያልተረጋገጠ ቃልን ለአንባቢ ማቅረብ ይገባልን?

አንድ ጽሑፍ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲመለስ ተርጓሚው በሁለት ወገን ባለ ዕዳ ነው፤ ይኸውም በአንድ በኩል ለጻፈው፣ በሌላ በኩል ለሚያነበው። ይህ ዕዳ በብራና ዘመን እንደ ነበረ ሁሉ፣ የኢንተርኔት ገጾች በብዙ ቋንቋ በሚዘጋጁበት በዛሬው ጊዜም አልቀረም። እንዲያውም ሥራው በብዙ እጆች ስለ ተከፋፈለ ባለ ዕዳው ማን እንደ ሆነ ለመለየት አስቸጋሪ ሆኗል።

በብዙ ቋንቋ የሚሠራ ገጽ ሲዘጋጅ ለሰው የሚታየው ቃል ሁሉ ከፕሮግራሙ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ ቋንቋም የራሱ ፋይል ይኖረዋል። ስለዚህ ለተርጓሚው የሚደርሰው ገጹ ሳይሆን የዐረፍተ ነገሮች ዝርዝር ነው። «ኦፕን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ብቻውን ቢያገኝ «ክፍት ነው» ማለት ይሁን ወይስ «ክፈት» የሚል ትእዛዝ፣ በምን ይለያል? «ዩ» የሚለውንስ አንተ ይበለው፣ አንቺ፣ እርስዎ ወይስ እናንተ? ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ባዶ ሆኖ ይመጣል። (መሣሪያዎቹ ቋንቋችንን ጨርሶ አያውቁትም ማለት አይደለም። በዩኒኮድ የቋንቋዎች መረጃ እንግሊዝኛ ዜሮን ከብዙ ቍጥር ጋር ሲመድብ፣ አማርኛ ግን ከነጠላው ጋር ይመድበዋል።)

ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው ግን ዋናው ጽሑፍ ተለውጦ ትርጉሙ ወደ ኋላ ሲቀር ነው። በአንድ የጤና ገጽ ላይ «መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ይውሰዱ» የሚል ትርጉም ነበረ እንበል። ኋላ በእንግሊዝኛው ላይ «አይውሰዱ» ተብሎ ታረመ። የቃሉ ልዩነት ጥቂት ስለ ሆነ መሣሪያው ሁለቱን ተመሳሳይ አድርጎ በመገመት የቀድሞውን አማርኛ ከአዲሱ እንግሊዝኛ ጋር ሊያጣምረው ይችላል። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሰፊው የሚሠራበት ጌትቴክስት የተባለው መሣሪያ ለዚህ ብልህ ሥርዐት አለው። በግምት የተጣመረውን ትርጉም «አጠራጣሪ» የሚል ምልክት ያደርግበታል፤ ሰው መርምሮ ምልክቱን እስኪያነሣም ድረስ በተለመደው አሠራር ለአንባቢ አያሳየውም፤ በምትኩ እንግሊዝኛውን እንዳለ ያወጣል።

«እንግሊዝኛ ለማታነብ እናት ይህ ምን ይጠቅማታል?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቀላሉም የሚታለፍ አይደለም። ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ያልገባትን ጽሑፍ ያየች እናት አለመረዳቷን ታውቃለችና የሚያነብላትን ሰው ትፈልጋለች። በገዛ ቋንቋዋ የተሳሳተውን ያነበበች ግን የምትጠይቅበት ምክንያት አይኖራትም። ስሕተቱ የሚወስድባት መድኃኒቱን በትክክል የመውሰድን ዕድል ብቻ ሳይሆን፣ የመጠራጠርንም ዕድል ነው። እንግዲህ በእኔ አስተያየት፣ ሕይወትን፣ ገንዘብን ወይም ፈቃድን በሚነካ ቦታ ሁሉ ከተገመተ አማርኛ ያልተተረጐመ እንግሊዝኛ ይሻላል። «ተመለስ» ወይም «ፈልግ» በሚሉ ቃላት ላይ ግን እንዲህ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ቢሳሳትም አንባቢው ወዲያው ያስተውለዋል።

ከዚህ ሌላ የፈቃድ ነገር አለ። ገጹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ በስተመጨረሻ «እስማማለሁ» የሚለው ቁልፍ ብቻ በአማርኛ ተጽፎ ይገኛል። ያላነበበውን የተስማማ ሰው ተስማምቷልን? ሕጉ ምንም ቢል፣ ያን አንድ ቃል ብቻ መርጦ ያስተረጐመ ሰው የፈለገው መግባባትን ሳይሆን ፊርማን ነው።

ዛሬ የማሽን ትርጉም ሺህ ዐረፍተ ነገሮችን በአንድ ሌሊት ስለሚሞላ ፈተናው በርትቷል። አሠሪው የሚጠይቀው ከመቶው ስንቱ እንደ ተሞላ ነው፤ የተሞላው ሁሉ ግን የተመረመረ አይደለም። «አጠራጣሪ» የሚለውን ምልክት በጅምላ ማንሣት የጥቂት ሰኮንዶች ሥራ ነው፤ ያነሣ ሰው ግን አንብቤአለሁ ብሎ እንደ መሰከረ ይቈጠራል። በጌትቴክስት ፋይል ራስጌ ላይ የመጨረሻው ተርጓሚ ስም የሚጻፍበት አንድ መስመር አለ። ገጹን የሚያነበው ሰው ያን መስመር አያየውም።