ለወገን የሚወጣ ገንዘብ ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ?

ሰው በተወለደበት አገር መንገድ ሲያስጠርግ፣ ድልድይ ሲያሠራ፣ ትምህርት ቤት ሲያቆም፣ አገሬው «እገሌ ቸር ነው» ብሎ ያመሰግነዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ስሙ በድንጋይ ተቀርጾ በበሩ ላይ ይቆማል። ይህ ምስጋና የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከምስጋናው በስተኋላ አንድ ጥያቄ ተሰውሮ ይኖራል። ይኸውም ያ ሰው ያወጣው ገንዘብ የቸርነቱ ስጦታ ነውን፣ ወይስ ቀድሞ ለተቀበለው ነገር የከፈለው ዕዳ ነው? የሚለው ነው። ጥያቄው የቃል ክርክር ብቻ ይመስላል፤ ዳሩ ግን እንደ መልሱ የሰጪው ልብ፣ የተቀባዩ ክብር፣ የሥራውም ዕድሜ ይለያያል። ስለዚህ ነገሩን በአየር ላይ ሳንተወው በእጅ በተሠራ ሥራ ላይ አቁመን እንመርምረው።

የምንመረምረውም ሥራ የጉራጌ ሕዝብ በራሱ መዋጮ ያሠራው መንገድ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ወዲህ ከጉራጌ አገር ብዙ ሰው እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማዪቱ መጥቷል። የብዙዎቹ ስንቅ ጉልበታቸው ብቻ ነበር። መሠረት ቈፈሩ፣ ሸክም ተሸከሙ፣ ጫማ ጠረጉ፤ ከዕለት ምግባቸውም ጥቂት ጥቂት እያስተረፉ ዕቁብ ገቡ፤ ዕቁቡ ሲደርሳቸውም ሱቅ ከፈቱ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከአገራችን ከወጣ በኋላ በመርካቶ ንግድ ስማቸው የታወቀ ሆነ።

ሰውዬው በከተማ ሲከብር ግን የተወለደበት መንደር በሩቅ ቀረ። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ቡታጅራም በደቡብ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ቊጥሩ ሲነገር ቅርብ ነው። ነገር ግን ከዋናው ጎዳና ወርዶ ወደየመንደሩ ለሚገባ ሰው በዚያ ዘመን የነበረው የእግርና የበቅሎ መንገድ ነው። ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ ወደ ቤተ ሰቡ የመመለስ የቈየ ልማድ አለው። መስቀል መስከረም 17 ቀን ይውላል፤ ይህም ክረምቱ ገና የወጣበት፣ ጭቃው ያልደረቀበት፣ ወንዙም ያልጎደለበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ሰው ከሁሉ ይልቅ ወደ አገሩ መግባት በሚመኝበት ቀን መንገዱ ከሁሉ ይልቅ የከፋ ይሆንበት ነበር። ለበዓል የሚመጣው እንኳ ይህን ያህል ከተቸገረ፣ በቃሬዛ የሚወሰድ በሽተኛና በምጥ የተያዘች ሴት እንዴት ይሆኑ እንደ ነበር መናገር አያስፈልግም።

ይህ ችግር በ1950ዎቹ ዓመታት ሰዎችን ሰበሰበ። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል እስከ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት በአዲስ አበባ የሚኖሩ የዚያ አገር ተወላጆች ማኅበር አቋቊመው ገንዘብ አዋጡ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ተመሠረተ፤ ከመሪዎቹም መካከል ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ይገኙ ነበር። ገንዘቡ የተሰበሰበው በየትውልድ ቦታው፣ በየወገኑ እየተከፋፈለ ነው፤ ባለሱቁም፣ ወታደሩም፣ ተላላኪውም፣ ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም በአንድ መዝገብ ተጻፈ። የዓለም ገናውን ማኅበር ሥራ ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ መርምረው በ1972 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የመመረቂያ ጽሑፍ ገልጠውታል። የጉራጌው ድርጅትም ኋላ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት ተብሎ ሥራውን ከመንገድ ወደ ሌላም ልማት አሰፋ።

እንግዲህ ያ ባለሱቅ ብሩን ቈጥሮ በመዝገቡ ሲያስጽፍ ምን አደረገ እንበል?

ለሕዝብ ሥራ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ከሦስት አንዱ ነው፤ ወይ አበዳሪ፣ ወይ መጽዋች፣ ወይ ባለዕዳ። አበዳሪነት በዘመናችን በጣም የታወቀ ነው። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሥራ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ከተጀመረ ጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀ ድረስ ብዙ ሰው ቦንድ ገዝቷል፤ ቦንድ የገዛ ሰው ገንዘቡ የሚመለስለት በውል ነውና አበዳሪ ይባላል። የመንገዱ አዋጪ ግን እንዲህ ያለ ውል አልነበረውም፤ ስለዚህ አበዳሪ አይደለም። የቀረው ክርክር በመጽዋችና በባለዕዳ መካከል ነው።

መጽዋች ነው የሚለው ወገን ቀላል ያልሆነ ማስረጃ ያቀርባል። «ሰውዬው ከአገሩ ሲወጣ ባዶ እጁን ነበር፤ ያገኘውን ሁሉ ያገኘው በገዛ ላቡ ነው። ግብሩን ለመንግሥት ከፍሏል። ዳኛ ቢፈርድበት እንኳ ለመንደሩ መንገድ ይህን ያህል ክፈል ብሎ የሚያስገድደው ሕግ የለም። ሳይገደድ የሰጠ ደግሞ ቸር እንጂ ባለዕዳ ሊባል አይገባም» ይላል። ይህ አነጋገር በዳኛ ፊት ቢቀርብ ይረታል። ነገር ግን በሚዛኑ ላይ ያልወጣ ነገር አለ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ እንናገር። ዛሬ በአማርኛ «ሀብት» ስንል ሰው የሰበሰበው ንብረት ማለታችን ነው። ቃሉ ግን ከግእዝ የመጣ ነው፤ ግሡም «ወሀበ»፣ ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ «ሀብት» በቀድሞ ትርጓሜው የተሰጠ ነገር፣ ስጦታ ነው። የጥንት ሰዎች የባለጠጋውን ንብረት ሲሰይሙ «ያፈራው» ወይም «ያገኘው» ሳይሉ «የተሰጠው» አሉት። በዚህ ስም ውስጥ ሁልጊዜ የተሰወረ ሌላ ሰው አለ፤ የሰጠ ሰው ከሌለ የተሰጠ ነገር አይኖርምና። እንግዲህ ለባለሱቁ የሰጠው ማን ነው?

መልሱን ለማግኘት ወደ ጓሮው መግባት ያስፈልጋል። የጉራጌ ቤት የሚኖረው በእንሰት ነው። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ በእነዚህም ዓመታት ፍግ ይፈልጋል፣ እየተነቀለ ከቦታ ወደ ቦታ መዛወርን ይፈልጋል። በደረሰ ጊዜም ግንዱን የሚፍቁት ሥሩንም የሚከትፉት ሴቶች ናቸው፤ ቆጮውን በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ቀብረው እስኪበስል እያገላበጡ የሚጠብቁትም እነርሱ ናቸው። ሥራው ወገብ የሚሰብር ነው። ነገር ግን በዚህ ሥራ ምክንያት ባልየው በከተማ ሆኖ ሦስትና አራት ዓመት ገንዘብ ባይልክ እንኳ ልጆቹ አይራቡም ነበር። የቤተ ሰቡን ቀለብ እናቱና ሚስቱ ከጓሮ ባይችሉለት ኖሮ ያቺ የመጀመሪያ ብር ለእህል ታልቅ ነበር እንጂ ወደ ዕቁብ አትገባም ነበር፤ ዕቁብ ባይገባም ሱቅ አይከፈትም ነበር። እንግዲህ በመርካቶ የተከፈተው ሱቅ መነሻ ገንዘቡ ከከተማው የጉልበት ሥራ ብቻ አልመጣም፤ ከጓሮው እንሰትም መጥቷል። በመዝገቡ የተጻፈው የአባወራው ስም ነው፤ ያቺ ሴት ያዋጣችው ግን በብር አልተመነዘረምና ሳይጻፍ ቀረ።

ስለዚህ «በገዛ ላቤ አገኘሁት» የሚለው ሰው አልዋሸም፤ ሒሳቡን ግን በግማሹ አቁሞታል።

ሁለተኛውም ማስረጃ ከዚያው መንደር ይገኛል። በጉራጌ መንደር የገባ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ጀፎረ የሚባለውን ሰፊ የሣር ጎዳና ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እርሱ መልሰው ይቆማሉ፤ እንሰቱም በስተጓሮ ነው። በጀፎረ ላይ ከብት ይሠማራል፣ ልጆች ይጫወታሉ፣ ሙሽራ ይታጀባል፣ ሬሳ ይሸኛል፣ ሽማግሌዎች ለዳኝነት ይቀመጣሉ። አጥርን ገፍቶ ከጀፎረ መቊረስ በባህሉ ሥርዐት የተከለከለ ነው፤ የሰባት ቤት ጉራጌ በየጆካ ሸንጎው፣ ክስታኔም በጎርደና ሸንጎው ሥርዐቱን ያጸናል። አሁን ልብ በሉ፤ አጥሩን ወደ ጀፎረ ያልገፋውን ሰው «ቸር ነው» ብሎ የሚያመሰግነው የለም፤ የሚገባውን አደረገ ይባላል እንጂ። መሬቱን ለሁሉ የተወው ሁሉም ስለ ተወለት ነው። እንግዲህ ይህ ሕዝብ የመኪና መንገድ ለመሥራት ማኅበር ከማቆሙ አስቀድሞ፣ መንገድ የሁሉ እንደ ሆነና ለእርሱ ማካፈልም ግዴታ እንደ ሆነ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ገንዘብ ማዋጣቱ ዐዲስ ይሁን እንጂ የዕዳው ሐሳብ የቈየ ነው።

ይህ ልዩነት ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ ይመልከት። ኬንያ በ1963 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነጻ በወጣች ጊዜ ጆሞ ኬንያታ «ሐራምቤ» የሚለውን ቃል የአገሩ መፈክር አደረጉት፤ ትርጓሜውም «አብረን እንሳብ» እንደ ማለት ነው። በሐራምቤም መንደርተኛው እያዋጣ እጅግ ብዙ ትምህርት ቤት ሠራ። ውሎ አድሮ ግን የሹማምንትና የባለጠጎች መፎካከሪያ ሆነ፤ በሕዝብ ፊት ከሁሉ አብልጦ የሰጠ ምርጫ ያሸንፍበት ጀመር። በመጨረሻም በ2003 በወጣው የሹማምንት ሥነ ምግባር ሕግ ባለሥልጣኖች በሥልጣናቸው ተጠቅመው መዋጮ እንዳይሰበስቡ እስከ መከልከል ተደረሰ። አብሮ መሳብ የነበረው ነገር ለአንድ ሰው ማጨብጨብ ሆነ። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ መጽዋች ተቀባዩ እንዲያመሰግነው ይፈልጋል፣ ስሙንም ይጠብቃል፣ መንገዱም በደጁ እንዲያልፍለት ይሻል። ባለዕዳ ግን ዕዳውን ስለ ከፈለ አይመካም፤ ባለገንዘቡም ገንዘቡን ሲቀበል አንገቱን አይደፋም። በዕዳ መንገድ የተሠራ ሥራ ለድኻው ክብሩን ይተውለታል።

ነገር ግን በዚህ በኩልም አደጋ አለ፤ እርሱንም መሸፈን አይገባም። ዕዳ የሚባል ነገር አስከፋይ ያመጣል። በወገን ማኅበር ያላዋጣ ሰው በወገኑ ፊት ማፈሩ አይቀርም፤ ለቅሶ ሲደርስበት፣ ልጁን ሲድር ይነሣበታል። ከባለሱቁ ጋር እኩል አዋጣ የተባለው ጫማ ጠራጊ ልጅ የራቱን ገንዘብ አውጥቶ እንደ ሆነ፣ በዚያ መንገድ ላይ የተረጨው ጠጠር የእርሱ ረኀብ ነው። ስለዚህ ዕዳው ዕዳ የሚሆነው በሁለት ነገር ሲለካ ነው። አንደኛው ሰው በተቀበለው መጠን እንዲከፍል፤ ብዙ የተቀበለ ብዙ፣ ጥቂት የተቀበለ ጥቂት፣ ገና ያልተቀበለም ምንም። ሁለተኛው አስከፋዩ ኅሊና እንዲሆን፤ ምክር ይጨመርበት፣ ውርደት ግን አይጨመርበት። በኀፍረት ተገድዶ የወጣ ገንዘብ መንገድ ይሠራል፤ ወገን ግን አይሠራም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ሕዝቡ ዕዳውን ከፈለ ማለት መንግሥት ከዕዳው ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በወልቂጤ ከተማ ሰዎች የመጠጥ ውሃ አጣን ብለው ጀሪካን ይዘው ወደ አደባባይ ወጡ፤ ነገሩም የሰው ሕይወት እስከ መጥፋት ደረሰ። ግብር የከፈለ ሰው ውሃ ሲጠይቅ ምጽዋት አልለመነም፤ ገንዘቡን የሰጠ ሰው ዕቃውን እንደሚጠይቅ ጠየቀ እንጂ። የጉራጌ ሕዝብ በራሱ መዋጮ መንገድ የሠራ ትጉ ሕዝብ መሆኑ «እነርሱማ ራሳቸው ይችሉታል» ለማለት ምክንያት ከሆነ፣ ትጋቱ በራሱ ላይ ቅጣት ሆነበት ማለት ነው። የሁለት ባለዕዳዎች ዕዳ አንዱ በሌላው አይቻቻልም።

በዚያው በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተቋቊሟል፤ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማ ሆናለች። የአስተዳደር ወሰን ይለዋወጣል፤ የዓለም ገናው መንገድ ግን ሲሠራ ሶዶን፣ መስቃንን፣ ስልጤን፣ ሀድያን፣ ወላይታን በአንድ አያይዞ እንዳለፈ ማስታወስ ይገባል። የመንገድ ዕዳ በወሰን አይቆምም።

ስለዚህ በጽሑፋችን መጀመሪያ ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፤ ለወገን የሚወጣው ገንዘብ ከምጽዋት ይልቅ ዕዳ ነው፤ እንዲህ መሆኑም ሰጪውን አያዋርደውም፤ ከትዕቢት ያድነዋል እንጂ። ዕዳውም አንድ ቀን ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም። ክረምት በመጣ ቊጥር ጎርፍ ቦዩን ይደፍነዋል፣ ጠጠሩን ይጠርገዋል፤ ምርቃቱ አንድ ቀን ነው፣ ጥበቃው ግን የዘወትር ነው። በአዲስ አበባም በባሕር ማዶም የምትኖሩ፣ ለመስቀልም ሆነ ለአረፋ ወደ አገራችሁ ስትገቡ፣ ዐዲስ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አባቶቻችሁ ያሠሩትን መንገድ ቦይ ማን እንደሚጠርገው ጠይቁ። ቀጥሎም መዝገቡን አስወጡና ስሟ ያልተጻፈችው እንሰት ፋቂ እናት ምን እንደሚያስፈልጋት ከራሷ አፍ ስሙ፤ የዕዳው ባለቤት እርሷ ናትና።