ቃጭል በአውሬ አንገት

የሬዲዮ ክትትል በዱር እንስሳ አንገት ወይም ጀርባ ላይ አነስተኛ ማሰራጫ አስሮ እንስሳው የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚጓዝ፣ በሕይወት መኖሩንም ጭምር ከርቀት የማወቂያ ዘዴ ነው። ማሰራጫው አጫጭር ምት ይልካል፤ ለእያንዳንዱ እንስሳ የተለየ ሞገድ ስለሚመደብለት አንዱ ከሌላው አይምታታም። ተመራማሪው አንቴና ይዞ ይዞርና ምቱ ጎልቶ የሚሰማበትን አቅጣጫ በካርታ ላይ ያሰምራል፤ ከሌላ ቦታ ሆኖ ደግሞ ሁለተኛ መስመር ያሰምራል። መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ እንስሳው ያለበት ነው። እንስሳው ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ከቀረ የምቱ ፍጥነት ይለወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ይህ መርዶ ነው።

ፍራንክና ጆን ክሬግሄድ የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ ለአንዲት ግሪዝሊ ድብ ማሰራጫ አሰሩ። በ1970 በሳተላይት ለመከታተል የተሞከረች አንዲት ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዘመድ) የተሸከመችው ማሰሪያ 10 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ዛሬ ከ1 ግራም በታች የሆኑ ማሰራጫዎች በትንንሽ ወፎች ላይ ይታሰራሉ። ሸክሙ እየቀለለ ሄዷል። ሰው ነጻ ሆኖ በተፈጠረ አውሬ ላይ ምልክት የማሰር መብት ከየት አገኘ የሚለው ጥያቄ ግን አብሮት አልቀለለም።

በኢትዮጵያ ገጠር ለዚህ ዘዴ የሚቀርበው ቃጭል ነው። እረኛ ለከብቱ ቃጭል ያስራል፤ ጭጋግ ቢወርድ ወይም ከብቱ ቁጥቋጦ ውስጥ ቢሰወር ድምፁን ተከትሎ ያገኘዋል። ቃጭሉን ያሰረ እጅ ግን ባለዕዳ ነው፤ ማታ በረት ያስገባል፣ ከጅብ ይጠብቃል፣ ሲታመም ያስታምማል። ያለበት መታወቁ ከብቱንም ይጠቅመዋል። አውሬው ግን በረት የለውም፤ ደኅንነቱ በመሰወሩ ላይ ነው። ያለበትን ቦታ የሚያሳውቅበት ሁሉ መጠለያውን ይነካበታል።

መጽሐፈ ኢዮብ በ39ኛው ምዕራፍ ይህን የማሰር መብት ጥያቄ ሳይታሰብ ይነካዋል። እግዚአብሔር ኢዮብን ስለ ዱር ፍየልና ስለ ሚዳቋ መውለጃ ጊዜ ይጠይቀዋል፤ ቀጥሎም የሜዳ አህያን ከእስራት የፈታው ማን እንደሆነ ያነሳል። ለብዙ ዘመን የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «አላውቅም» ብቻ ነበር። ዛሬ በአጋዘንና በኤልክ ማህፀን በር አካባቢ የሚቀመጥ ማሰራጫ አለ፤ ግልገሉ ሲወለድ አብሮ ይወጣል፣ ከእናቲቱ ሰውነት ሲለይ ይቀዘቅዛል፣ የምቱም ፍጥነት ይለወጣል። የምጡ ሰዓት በተቀባዩ ላይ ይሰማል ማለት ነው። ይህ ጥያቄውን ከንቱ አድርጎታል ብሎ መደምደም ግን ጥድፊያ ነው። በምዕራፉ ውስጥ የሚጠየቀው እውቀት ከመግቦት ተለይቶ አይታይም፤ ሰዓቱን የሚያውቀው ሜዳውን ማሰማሪያ አድርጎ የሰጠው ነው። ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ በመሣሪያ አግኝቷል፤ ሁለተኛውን መሣሪያ አይሰጠውም። የሜዳ አህያው ጥያቄ ደግሞ ከነሙሉ ክብደቱ አለ፤ የተፈታውን መልሶ የሚያስር ሰው ምክንያቱን መናገር አለበት።

ፈላስፎችም በዚሁ ጉዳይ ተለያይተዋል። ቶም ሬገን በ1983 ባሳተመው የእንስሳት መብት መጽሐፍ እያንዳንዱ እንስሳ የራሱን ሕይወት የሚኖር ፍጡር ስለሆነ ለሌሎች ጥቅም ሲባል ብቻ መሣሪያ ሊደረግ አይገባም ይላል። በ1949 የታተመው የአልዶ ሊዮፖልድ ሥራ ግን የሚመዝነው የአፈሩን፣ የውኃውን፣ የዕፅዋቱንና የእንስሳቱን ማኅበር ጤንነት ነው። በሬገን መንገድ የተሄደ እንደሆነ በማደንዘዣ ወድቃ ማሰሪያ የታሰረባት ተኩላ ተበድላለች፤ በሊዮፖልድ መንገድ ከሆነ ዘሯ የሚተርፍበት ዋጋ ተከፍሏል።

የበደሉ መጠን በግምት የሚነገር ብቻ አይደለም። በደቡባዊው የሕንድ ውቅያኖስ በክሮዜ ደሴቶች ተመራማሪዎች በክንፋቸው ላይ የብረት ቀለበት የታሰረባቸውን ኪንግ ፔንግዊኖች ካልታሰረባቸው ጋር ለ10 ዓመት አነጻጸሩ። በ2011 የወጣው ውጤት እንዳሳየው የታሰረባቸው በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ16 በመቶ፣ ያፈሯቸው ጫጩቶችም በ39 በመቶ ያነሱ ነበሩ። ቀለበቱ ሬዲዮ ባይሆንም ትምህርቱ ለሬዲዮም ይሠራል፤ ምልክቱ ራሱ ሕይወቱን ከለወጠው፣ ተመራማሪው የሚያየው ያልታሰረውን ፍጡር ኑሮ አይደለም። እውቀቱም ፍጡሩም አብረው ይጎዳሉ።

ሌላው አደጋ ምልክቱ በማን እጅ እንደሚወድቅ ነው። በ2013 በሕንድ በጂፒኤስ ማሰሪያ ክትትል የሚደረግበትን ነብር (ታይገር) መገኛ የሚቀበለውን የኢሜይል ሳጥን ያልተፈቀደለት ሰው ሊከፍተው ሞክሮ ነበር። ሙከራው ባይሳካም እረኛው የሚሰማውን ቃጭል ሌባም ሊሰማው እንደሚችል አሳይቷል።

የአሳሪው ዕዳ ሲከፈል ምን እንደሚመስል ባሌ ተራሮች ላይ ይታያል። በዓለም ላይ አዋቂዎቹ 500 ገደማ ብቻ የሆኑት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኛዎቹ የሚኖሩት እዚያ ነው፤ ከቤት ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል። ለዓመታት በዓይንም በሬዲዮም በተደረገ ክትትል የመንጎቹ ክልልና መንጎቹን የሚያገናኙ ጠባብ መተላለፊያዎች ታወቁ። በ2003 በሽታው በዌብ ሸለቆ ሲነሳ በመተላለፊያዎቹ ላይ ያሉት ቀበሮዎች ተከተቡ፤ በ2018 ደግሞ በምግብ ውስጥ ተደብቆ የሚሰጥ ክትባት በስፋት ተጀመረ። የቀበሮዎቹን ማደሪያ የሚያውቀው ሰው እንደ እረኛ ሆነላቸው፤ እውቀቱ ወደተወሰደበት ተመለሰ። ማሰር የሚፈቀድበት ምክንያት ካለ ይህ ነው። ለማወቅ ብቻ ሲባል የሚደረግ ማሰር ግን ይህን ምክንያት ሊዋስ አይችልም።

ዕዳው መጨረሻም አለው። የዛሬ ብዙ ማሰሪያዎች በተወሰነላቸው ቀን ራሳቸውን የሚፈቱ ናቸው፤ መቆለፊያው ይከፈትና ማሰሪያው ከአንገት ይወድቃል። ተመራማሪው ምቱን ተከትሎ ይሄዳል፣ ከሣር ውስጥም ያነሳዋል። እንስሳው በዚያ ሰዓት የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም።