ጅረቱ ከሰፈር ሲወጣ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። በአንድ የአሜሪካ ከተማ ዳርቻ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ በሚወርድ ጅረት ዳር፣ አሥራ አምስት የሚሆኑ ወጣቶች ጓንት አጥልቀውና ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የቢራ ጣሳ፣ አንዳንዴም የመኪና ጎማ ከጭቃው ውስጥ ጎትተው ያወጣሉ። ከሥራው በኋላ ቡና ይጠጣል፤ ከከተማው ምክር ቤት ወይም ከስቴቱ ሕግ አውጪዎች አንዱ ተጋብዞ ንግግር ያደርጋል፤ ለሚቀጥለው ወር የእግር ጉዞ ወይም የችግኝ ተከላ ቀን ይቆረጣል። እስከዚህ ድረስ ለየት ያለ ነገር የለም። ለየት የሚለው የተሰብሳቢዎቹ ማንነት ነው። ብዙዎቹ ለሪፐብሊካን የሚመርጡ፣ መንግሥት እጁን ከሰው ኪስ ይሰብስብ የሚሉ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ናቸው።

እንዲህ ያለው ቅዳሜ አሜሪካን ኮንሰርቬሽን ኮኦሊሽን በሚባለው የወግ አጥባቂዎች የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ቅርንጫፎች ዘንድ የተለመደ ነው። ድርጅቱን በ2017 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመሠረተው ቤንጂ ባከር ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ዛሬ በየከተማውና በየዩኒቨርሲቲው ቅርንጫፎች አሉት። የአየር ንብረት ለውጥ እውነት መሆኑን ይቀበላል፤ መፍትሔው ግን ከገበያ፣ ከፈጠራ ሥራ፣ ከኑክሌር ኃይልና ከአካባቢው ነዋሪ መምጣት አለበት ይላል።

እነዚህ ወጣቶች ከሁለት ወገን ይተቻሉ። ከግራ በኩል ያሉት፣ «ጠርሙስ ለቀማው ሽፋን ነው፤ ፓርቲያችሁ ለነዳጅ ኩባንያዎች ጥብቅና ቆሞ እናንተ ጅረት ታጸዳላችሁ» ይሏቸዋል። ከገዛ ቤታቸው ደግሞ «የባላንጣችንን ዘፈን ትዘፍናላችሁ» የሚላቸው አይጠፋም። ከሁለቱም ትችት ሥር ግን የአሜሪካን የፓርቲ ጭቅጭቅ የሚሻገር ጥያቄ አለ። ሰው የቅርቡን፣ የራሱን፣ የወረሰውን በመውደድ ብቻ፣ ለማያውቀው ሰው ያለበትን ግዴታ ሊወጣ ይችላል?

ነገሩ ድሮ እንዲህ በሰፈር የተከፈለ አልነበረም። ቴዎዶር ሩዝቬልት ሪፐብሊካን ነበር፤ በሥልጣን ዘመኑ ወደ 230 ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ የሕዝብ መሬት በጥበቃ ሥር አድርጓል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1970 የተቋቋመው በሪፐብሊካኑ ሪቻርድ ኒክሰን ነው። ሊጠፉ የተቃረቡ ዝርያዎችን የሚጠብቀው የ1973 ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት የመጨረሻ ድምፅ ሲሰጥበት የተቃወሙት 4 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በኋላ ግን ጉዳዩ ቀስ በቀስ የአንድ ወገን ንብረት ሆነ። አንድ እውነት የአንድ ሰፈር ሀብት ሲሆን፣ የሌላው ሰፈር ሰው ነገሩን መመርመር ይተውና ተናጋሪውን መመርመር ይጀምራል። ይህ በሽታ ለአማርኛ አንባቢ አዲስ አይደለም። በአገር ቤትም ሆነ በውጭ፣ «ምን ተባለ?» ከማለት በፊት «ማን አለው?» ማለት ስንት ወዳጅነት እንዳፈረሰ የማያውቅ የለም።

ወግ አጥባቂዎቹ ወደ ጅረቱ ሲመለሱ ታዲያ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ከጀርባቸው ጠንካራ ሐሳብ አለ። ኤድመንድ በርክ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ኅብረተሰብን በሕያዋን መካከል ብቻ እንደተደረገ ውል አያየውም፤ የሞቱትም፣ ያሉትም፣ ገና ያልተወለዱትም ባለድርሻ ናቸው። ሮጀር ስክሩተን የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ደግሞ በ2012 ይህንኑ ወደ አካባቢ ጥበቃ አምጥቶ፣ ሰው ተፈጥሮን በጽናት የሚጠብቀው ቤቴ የሚለውን ስፍራ ስለሚወድ ነው ሲል ተከራከረ። ከሩቅ የሚታዘዝ ትልቅ ዕቅድ ይህን ፍቅር ያላላዋል እንጂ አይተካውም ባይ ነው።

በአማርኛ ይህ ሐሳብ ከአንድ ቃል ውስጥ ይገባል፤ አደራ። አደራ የተቀበለ ሰው ባለቤት አይደለም፤ ሆኖም ከባለቤት የበለጠ ይጠነቀቃል። ባለቤት የራሱን ቢያጠፋ የሚጠይቀው የለም፤ አደራ በላ ግን በሰጠውም በሚረከበውም ፊት ያፍራል። ወግ አጥባቂው ስለ ምድር ሁሉ እየተናገረ የራሱን ደጅ የማይጠርገውን ሰው ሲታዘብም፣ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት በትክክል ይገልጽለታል።

ሐሳቡ በተግባር እንደሚሠራ ማስረጃ ለሚፈልግ፣ ከአሜሪካ ይልቅ ሰሜን ሸዋ ጥሩ ምስክር ናት። በመንዝ ደጋ የሚገኘው የጓሳ ሣር ምድር፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ወደ አራት መቶ ዓመት ገደማ በነዋሪው ሥርዓት ተጠብቆ የኖረ ነው። ሣሩ ለሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ይከለከላል፤ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፤ ከብቱም ይሰማራል። ክልከላውን የሚያስከብሩት ነዋሪው የመረጣቸው አለቆች ነበሩ። ሕጉን ያወጣ ሚኒስቴር፣ ገንዘብ የረዳ የውጭ ድርጅት አልነበረም። በ1975 (በ1967 ዓ.ም.) የመሬት አዋጅ ሲታወጅ የነባሩ ሥርዓት መሠረት ፈረሰ፤ ሣሩም እንደ ቀድሞው የሚጠብቀው አጣ። ወግ አጥባቂው ይህን ሲሰማ «አላልኩም?» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ታሪኩ ግን ሌላ ገጽ አለው። በነባሩ ሥርዓት የጓሳ ተጠቃሚ መሆን የሚችለው የዘር ሐረጉን ከአቅኚ አባቶች የሚቆጥር ባለርስት ነበር። ሐረጉ የማይደርስለት ጎረቤት አጥሩን ከውጭ ሆኖ ያይ ነበር። አዋጁ ጥበቃውን ቢያፈርስም፣ ይህን ጎረቤት ግን የመሬት ተካፋይ አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ሰዎች ባለርስት የነበረውንም ያልነበረውንም ያቀፈ የጋራ ጥበቃ አቁመዋል፤ ይህም መጥበቅና መጋራት የግድ ጠላቶች እንዳልሆኑ ያሳያል። ነገር ግን መጋራቱ ከነባሩ ፍቅር ብቻውን አልፈለቀም። ፍቅሩ ሣሩን አዳነ፤ ከአጥሩ ውጭ የቆመውን ሰው አላየም።

የቅርብ ፍቅር ወሰን ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ወደ አሜሪካ ወንዞች ሲመለሱ ነው። በክሊቭላንድ ከተማ የሚያልፈው የካያሆጋ ወንዝ በዘይትና በፋብሪካ ዝቃጭ ተሸፍኖ በሰኔ 1969 በእሳት ተያያዘ። ወንዙ ሲነድ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። የከተማዋ ሰዎች ወንዛቸውን አይወዱም ነበር እንዳይባል፣ ከእሳቱ አንድ ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1968፣ ወንዙን ለማጽዳት የ100 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ በድምፃቸው አጽድቀዋል። ማንም ሳያስገድዳቸው ከኪሳቸው ሊከፍሉ ተስማሙ ማለት ነው። ሆኖም ከንቲባው ካርል ስቶክስ በእሳቱ ማግስት ጋዜጠኞችን ይዞ በወንዙ ዳር ሲዞር ያሰማው አቤቱታ፣ ቆሻሻውን በሚለቁት ላይ ከተማዋ በቂ ሥልጣን የላትም የሚል ነበር። የክሊቭላንድ ሰው የራሱን ዳርቻ ቢያጸዳም ከላይ የሚለቀቀውን ማስቆም አይችልም። ለዚያ ከከተማው የሰፋ ሕግ አስፈለገ፤ በ1972 ወጣ። ኒክሰን ወጪው በዛ ብሎ ፊርማውን ቢነፍገውም ምክር ቤቶቹ ከሁለቱም ፓርቲ በተገኘ ድምፅ አጸደቁት።

ከካያሆጋ የሚገኘው ትምህርት ሁለቱንም ተቺ ወገን ይነካል። የሰፈር ፍቅር ሽፋን ነው ለሚለው፣ የክሊቭላንድ መራጭ ከፌዴራሉ ሕግ በፊት ገንዘቡን አውጥቷል። የሰፈር ፍቅር ይበቃል ለሚለው ደግሞ፣ ወንዙ ከነገንዘቡ ነድዷል።

ወንዝስ ቢያንስ ዳርቻ አለው። አየር ዳርቻ የለውም። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ ሰው ነዳጅና ከሰል እያቃጠለ ወደ አየር ከለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉ የአሜሪካ ነው፤ የኢትዮጵያ ድርሻ ከአንድ በመቶ እጅግ ያነሰ ነው። ከ2020 መገባደጃ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ከብቱ ያለቀበት የቦረና አርብቶ አደር፣ በቴክሳስ ጅረት ዳር ከረጢት የያዘውን ወጣት አያውቀውም፤ ወጣቱም እርሱን አያውቀውም። በመካከላቸው ያለው ግን ከካያሆጋ ላይኛውና ታችኛው ነዋሪ መካከል ካለው የተለየ አይደለም፤ አንዱ የለቀቀው ሌላው ዘንድ ይደርሳል። ፍቅር የሚያውቀውን ብቻ የሚያይ ከሆነ፣ ይህን ሰው ማን ያየዋል?

እዚህ ላይ የወግ አጥባቂው ሐሳብ የሚፈተንበት ብቻ ሳይሆን የሚሰፋበትም በር አለ። በዳላስ ወይም በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ የቦረና ልጅ ለእርሱ ቅርቡ የቱ ነው? ልጆቹ የሚማሩበት ሰፈር ቅርቡ ነው፤ በስልክ «ዝናብ ጠፋ» የሚለው አጎቱም ቅርቡ ነው። ነዳጁን እዚህ ያቃጥላል፣ የከብት መኖ መግዣ ወደዚያ ይልካል። ስደት የቅርብና የሩቅን ልክ በኪሎ ሜትር መለካት ከንቱ መሆኑን አስተምሮታል። ቅርበት በመተዋወቅ የሚሠራ ነገር ነው። የሚሠራ ነገር ከሆነ ደግሞ ማስፋት ይቻላል፤ ፍቅሩን ሳይጥል የአጥሩን ቦታ መቀየር ይቻላል።

ለዚህ ግን ዋጋ ይከፈላል፤ የሚያስከፍለውም አብዛኛውን ጊዜ ባላንጣ ሳይሆን ወገን ነው። የደቡብ ካሮላይናው ሪፐብሊካን ቦብ ኢንግሊስ በምክር ቤት በድምሩ አሥራ ሁለት ዓመት አገልግሏል። መጀመሪያ የአየር ንብረት ለውጥን ያጣጣለው አል ጎር ስለሚናገረው ብቻ እንደነበር ራሱ በአደባባይ ተናዝዟል። በኋላ ልጆቹ ሲሞግቱት፣ አንታርክቲካ ድረስ ሄዶ የሳይንቲስቶቹን ሥራ ሲያይ ሐሳቡን ቀየረ፤ በካርቦን ላይ ግብር ተጥሎ የደመወዝ ግብር እንዲቀነስ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። በ2010 የገዛ ፓርቲው መራጮች በሰፊ ልዩነት ጣሉት። ከዚያ በኋላም ፓርቲውን አልከዳም፤ ወግ አጥባቂዎችን በወግ አጥባቂ ቋንቋ ማስረዳቱን ቀጠለ። ባላንጣን መውቀስ ጭብጨባ ያስገኛል። ለወገን የማይጥመውን እውነት ነግሮ በማኅበር ሳይሻር መቀመጥ ግን ሌላ ዓይነት ድፍረት ይጠይቃል።

የቅርንጫፎቹ ወጣቶች አደጋም እዚሁ ነው ያለው። እውነትን ለወገን እንዲጥም አድርጎ መተርጎም ተገቢ ነው፤ ሲተረጉሙ መቆራረጥ ግን ይመጣል። ጠርሙሱ ሁሉንም ያስማማል። ችግኙም እንደዚያው። ስለ ማዳን እንጂ ስለ ማቆም፣ ስለ ፈጠራ እንጂ ስለ ዋጋ ያልተነሣበት ስብሰባ በሰላም ያልቃል፤ የተጋበዘው ሕግ አውጪም ፈገግ ብሎ ፎቶ ይነሣል። በዚህ መልክ ከቀጠለ ተቺዎቹ «ሽፋን ነው» ያሉት፣ ማንም ሳያስበው እውነት ይሆናል።

ስለዚህ ጅረቱን ማጽዳታቸው ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እጁን ጭቃ ያልነካ ሰው ስለ ምድር የሚናገረው ብዙ ጊዜ አየር ላይ ይቀራል። ነገር ግን ያ ጅረት ከሰፈሩ አይቆምም። በድልድዩ ሥር አልፎ፣ ከሌላ ጅረት ጋር ተቀላቅሎ፣ ስማቸውን የማያውቁ ሰዎች ወደሚጠጡት ወንዝ ይገባል። ከረጢቱ ታስሮ፣ ቡናው ተጠጥቶ እንግዳው ለመናገር ሲነሣ፣ ከወጣቶቹ አንዱ እጁን አውጥቶ «ጠርሙሱን ለቀምን፤ ከላይ የሚለቀቀውን ማን ያስቁም? አንተስ ድምፅህን ትሰጣለህ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አዳራሹ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላል። የአደራው ፈተና ከዚያች ጸጥታ ይጀምራል።