ለሁለት መቶ ሰው የተላከ ይቅርታ

ልጆቼ፣ ከኪፑር በፊት ያለው የኤሉል ወር በገባ ቁጥር ስልኬ ፋታ አያገኝም። «ባለፈው ዓመት አውቄም ሳላውቅም ያስቀየምኳችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ» ይላል መልእክቱ፤ ከሥሩም አበባ ተለጥፎበታል። ላኪው አንድ፣ ተቀባዩ ሁለት መቶ ሰው። የተጣላው ወንድሙ ግን ከሁለት መቶው ውስጥ የለም፤ ቁጥሩን ከዘጋበት ቆይቷል።

በኪፑር፣ በስርየቱ ጾም ዋዜማ፣ ነጭ ለብሳችሁ ጸሎት ቤት ስትሞሉ ደስ ይለኛል። ደረታችሁን እየመታችሁ በደላችሁን በፊደል ተራ ትናዘዛላችሁ። እሰየው። ሆኖም የረቢዎቹ የሕግ መጽሐፍ ሚሽና በዮማ ክፍሉ የደነገገውን ረስታችኋል፤ ያ ቀን የሚያስተሰርየው በሰውና በፈጣሪ መካከል ያለውን ነው፤ ባልንጀራውን የበደለ እሱን እስኪያስታርቅ ድረስ ስርየት የለውም። እግዚአብሔር የራሱን ይተው ይሆናል እንጂ የጎረቤታችሁን ዕዳ አይሰርዝላችሁም።

ልጅ ሳለሁ፣ በጎንደር፣ የአባቴ በሬ ሌሊት የጎረቤታችንን ጤፍ አወደመ። አባቴ «የኔ በሬ አይደለም» ብሎ ካደ፤ ሁለቱ ቤቶች እሳት መጫጫር ተዉ። አስተሰርዮ ሲቃረብ፣ ያኔ ኪፑርን እንዲህ ነበር የምንለው፣ ሽማግሎች አባቴን ይዘውት ሄዱ። ጋቢውን አደግድጎ፣ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ከጎረቤታችን ደጅ ቆመ። ጎረቤታችን ቶሎ አልወጣም። ከብቶቹን አስገባ፣ በረቱን ዘጋ፣ እጁን ታጠበ። ከዚያ መጥቶ ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደለት። አባቴ እግሩ ላይ ሲወድቅ አነሣው፤ ተላቀሱ። በመኸር አባቴ የጠፋውን ጤፍ ሰፍሮ፣ ማንም ሳይጠይቀው ጭማሪ አክሎ ሰጠ። ኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 5 በዳይ ተናዝዞ አምስተኛ እጅ ጨምሮ እንዲመልስ ያዛልና።

ያኔ ሚሽናን የያዘው ታልሙድ አገራችን አልደረሰም፤ የነበረን በግዕዝ የተጻፈው ኦሪት ነው። እዚህ እስራኤል መጥቼ የሕግ ሊቁ ራምባም ስለ ንስሐ የጻፈውን ስሰማ ገረመኝ። የበደልከው ሰው እምቢ ካለህ ሦስት ሰው ይዘህ ሂድ፤ አሁንም እምቢ ካለ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተመለስ፤ ከሞተም ዐሥር ሰው ይዘህ መቃብሩ ላይ ተናዘዝ ይላል። ታዲያ ይህ የሽማግሎቻችን ሥራ አይደለም? እናንተ ግን «የድሮ ወግ» ትሉታላችሁ። ሽማግሌ ስንልክ «እኛው እንጨርሰዋለን» ብላችሁ ትመልሱናላችሁ። አትጨርሱትም። የወንድማችሁ ልጅ ባር ሚጽዋ ሲደረግለት በሩን አትረግጡም።

ከኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ሲግድ ይመጣል። የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ያጸደቀው በዓል ነው፤ በዚህ እኮራለሁ። ወላጆቻችን ግን በአገር ቤት ተራራውን ድንጋይ ተሸክመው ነበር የሚወጡት፤ እናንተ ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ላይ ከቄሶቻችን ጃንጥላ ሥር ፎቶ ትነሣላችሁ። የተጣላችሁት ዘመዳችሁ ዐሥር እርምጃ ርቆ ቆሞ ሳለ ፊታችሁን ታዞራላችሁ።

የተበደላችሁም ብትሆኑ አትኩሩ፤ ሦስት ጊዜ ተለምኖ ልቡን ያደነደነ፣ ኃጢአቱ ወደ እሱ ይዞራል።

ዘንድሮ ለሁለት መቶ ሰው የሚላከውን መልእክት ተዉት። የበደላችሁትን አንድ ሰው አስቡና ሄዳችሁ ያደረጋችሁትን በፊቱ ተናገሩ፤ «ሳላውቅ» አትበሉ፣ አውቃችሁ ነው። ብቻችሁን መሄድ ካሳፈራችሁ ሽማግሎች አለንላችሁ። ጥሩን፣ ጾሙ ሳይገባ አብረን እንሂድ።